«የጉልበትሽ ውሃ ደርቋል» ተብላችኋል? ከመርፌው በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ጉልበት ናቸው። በተለይ ስለ ውስጠኛው የጉልበት ጎን፣ ማለትም ሁለቱ ጉልበቶቻችን ፊት ለፊት ስለሚተያዩበት ቦታ። «ዶክተር፣ ደረጃ ስወርድ ይወጋኛል»፣ «ሌሊት በጎኔ ተኝቼ ጉልበቶቼ ሲነካኩ ያመኛል»፣ «ብዙ ተቀምጬ ስነሳ ይይዘኛል»። ከጥያቄው ጋር ብዙ ጊዜ የኤምአርአይ ፎቶ ይላካል። ከፎቶው ጋር ደግሞ «የጉልበትሽ ውሃ ደርቋል ተብያለሁ» የምትለዋ ነገር አትጠፋም።

ዛሬ አቋሜን በግልጽ ልንገራችሁ፤ አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼን ቅር ሊል ይችላል። የውስጠኛው ጉልበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጥያቄና በጣት የሚለይ፣ በእንቅስቃሴ የሚታከም ሕመም ነው። እኛ ግን በፎቶ እየፈለግን በመርፌ እያከምነው ነው። በዚህ መሃል ሰው እየተጎዳ ነው።

እንዴት ይጎዳል ካላችሁ፣ አንዲት የ58 ዓመት እናት ድንገተኛ ክፍል መጡ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፣ ሲቆሙ ያዞራቸዋል። ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ምን መድኃኒት ይወስዳሉ ስላቸው «ምንም» አሉኝ። ልጃቸው ናት ያስታወሰቻቸው፤ «እማዬ፣ መርፌውስ?» ለካ ለጉልበታቸው ሰፈራቸው ካለ ክሊኒክ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ዲክሎፌናክ ይወጋሉ፤ በመሃል ደግሞ እንክብሉን ከፋርማሲ ይገዛሉ። «እሱ እኮ ማስታገሻ ነው» አሉኝ፤ እንደ መድኃኒት አልቆጠሩትም። ደም ተሰጥቷቸው፣ ጨጓራቸው ታክሞ ዳኑ። ሊወጡ ሲሉ እስቲ ጉልበቱንም ልየው ብዬ ልብሳቸውን ከፍ እንዲያደርጉ ጠየቅኳቸው። በእነዚያ ሁሉ ወራት ማንም ሰው ጉልበታቸውን በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ የነገሩኝ ያኔ ነው።

ስዳስሳቸው የሚያማቸው ቦታ መገጣጠሚያው ላይ እንኳ አልነበረም። ከመገጣጠሚያው ሦስት አራት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የቅልጥሙ ውስጠኛ ጎን ላይ ነው። እዚያ ቦታ ከጭን የሚመጡ ሦስት ጅማቶች አንድ ላይ አጥንቱ ላይ ይጣበቃሉ። ቅርጻቸው የዝይ እግር ስለሚመስል የሕክምና ስማቸውም ከዚያው የተወሰደ ነው። ከሥራቸው ፍትጊያ የምትቀንስ፣ ትንሽ ፈሳሽ የያዘች ከረጢት አለች። እሷ ስትቆጣ «ጉልበቴን» ያሰኛል። ክብደታቸው ከፍ ባለ፣ ስኳር ባለባቸውና የጉልበት መበላት በጀመራቸው እናቶች ላይ በብዛት አየዋለሁ። ይህን ለማወቅ አንድ አውራ ጣት በቂ ነበር።

እስቲ እናንተም አሁኑኑ ሞክሩት። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ጉልበታችሁን አጥፉ። የጉልበታችሁን ሎሚ ፈልጉና ጣታችሁን ከታችኛው ጫፉ ወደ ውስጠኛው ጎን አንሸራቱ። አግድም የሄደች ጎድጎድ ያለች መስመር ታገኛላችሁ፤ መገጣጠሚያው እሱ ነው። ሕመሙ ልክ መስመሩ ላይ ከሆነ ካርቲሌጁ ወይም ሜኒስከስ የምንለው ትራስ ይጠረጠራል። ከመስመሩ ዝቅ ካለ ያቺ ከረጢት ናት። ከመስመሩ በላይና በታች እንደ ቀበቶ ቁመቱን ከሄደ፣ በተለይ ኳስ ስትጫወቱ ከውጭ በኩል ተመታችሁ ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ከተቀለበሰ፣ የጎን ጅማቱ ነው። በሎሚው ዙሪያ ከሆነና ደረጃ መውረድ ወይም ታክሲ ውስጥ ብዙ መቀመጥ ከቀሰቀሰው ችግሩ ከሎሚው ጀርባ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ የትም ቢነካ ካላመመ ደግሞ ዳሌን እንፈትሻለን። የዳሌ ሕመም በነርቭ መስመር ወርዶ ጉልበት ላይ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ጉልበቱ በራጅ ሲታይ ከርሞ በሽታው ዳሌ ላይ የተገኘበት ሰው አጋጥሞኛል። ይህን ያልኩት ራሳችሁን መርምራችሁ እንድትጨርሱ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ «እዚህ ጋ» እንድትሉ ነው።

አሁን ወደ «ውሃው»። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ከድሮም ትንሽ ነው፣ እንደ ሞተር ዘይት ተንጠፍጥፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። እንዲያውም ጉልበት ሲቆጣ ፈሳሹ ይጨምራል፤ ያ ነው እብጠት የምትሉት። የሚሳሳው የአጥንቶቹን ጫፍ የሸፈነው ካርቲሌጅ ነው። «ውሃ መሙያ» እየተባለ በውድ የሚሰጠው የጄል መርፌ ካርቲሌጅ አያበቅልም፤ ጥናቶቹ ተደምረው ሲታዩ ለሕመሙም የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ ነው። ለዚያ ገንዘብ ስትሉ ዕቁብ የምትሰብሩ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ይህን የምጽፈው።

ለምን ውስጠኛው ጎን ይበዛል? ስንራመድ ጉልበት ላይ ከሚያርፈው ጫና ከግማሽ በላይ የሚሸከመው እሱ ነው። የውስጠኛው ሜኒስከስም ከጎን ጅማቱ ጋር ስለተጣበቀ እንደ ውጭኛው እንደ ልቡ አይንሸራተትም፤ ስለዚህ ቶሎ ይቀደዳል።

«ሜኒስከስ ተቀዷል» የሚለውን ሪፖርት ይዛችሁ የምትደነግጡ ግን አንድ ነገር ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ ፍራሚንግሃም በምትባል ከተማ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 90 የሆኑ 991 ሰዎች ጉልበት በኤምአርአይ ታይቶ ውጤቱ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አሟቸው የመጡ አይደሉም፣ ከነዋሪው እንዲሁ የተመረጡ ናቸው። ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኘባቸው ውስጥ 61 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ምንም የጉልበት ሕመም አልነበራቸውም። ሽበት ፀጉር ላይ እንደሚወጣ ሁሉ ሜኒስከስም ከዕድሜ ጋር ይሰነጠቃል ማለት ነው። ታዲያ የ60 ዓመት ሰው ፎቶ ላይ መቀደድ ስላየን ብቻ ሕመሙ የመጣው ከሱ ነው ማለት እንችላለን?

ፊንላንዶች ደግሞ ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ሜኒስከሳቸው በዕድሜ የተቀደደ፣ ነገር ግን ጉልበታቸው ገና ያልተበላ 146 ሰዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ የተቀደደው በካሜራ ኦፕሬሽን ተስተካከለላቸው። የቀሩትን ኦፕሬሽን ክፍል አስገብተው፣ ቆዳቸውን በስተው፣ የሠሩ አስመስለው ሰፏቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት፦ ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ይህን የማያውቅ የአጥንት ሐኪም ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም «ፎቶ ላይ ስላለ» ተብሎ ኦፕሬሽን የሚቀጠርለት ሰው አሁንም አለ።

የመርፌውም ነገር እንዲሁ ነው። ያበጠ ጉልበት ውስጥ ወይም ያቺ የተቆጣች ከረጢት ላይ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ስቴሮይድ ለሳምንታት ፋታ ሊሰጥ ይችላል፤ ራሴም እሰጣለሁ። ችግሩ መደጋገሙ ላይ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት ስቴሮይድ የተወጉት ሰዎች ጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ ካርቲሌጃቸው የበለጠ ሳሳ፤ በሕመማቸው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ቂጥ ላይ የሚወጋው ዴክሳማ ስኳር ላለበት ሰው ምን እንደሚያደርግ ስኳራችሁን የምትለኩ ታውቁታላችሁ። ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ደግሞ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር በፍጹም አይውሰድ። ጉልበት ላይ የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ግን ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፣ ለጉልበት ሕመምም ይረዳል። ስነግራቸው «ቅባት ምን ያደርጋል» ብለው የሚያኮርፉኝ አሉ። ችግር የለም።

እንግዲህ ሕክምናው ምንድን ነው? ጭናችሁ ነው። የፊት ለፊቱ የጭን ጡንቻ የጉልበት ጫና መቀበያ ነው። ጉልበት ሲያም ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጫናው በሙሉ አጥንት ላይ ይወድቃል፣ ሕመሙ ይብሳል። «እረፍት አድርጉ» የሚለው ምክር ለጥቂት ቀናት ነው እንጂ ለስድስት ወር አይደለም።

በጀርባችሁ ተኝታችሁ ከሚያመው ጉልበት ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ። ፎጣውን በጉልበታችሁ ወደ ታች ተጫኑ፣ እስከ 5 ቁጠሩ፣ ልቀቁ። 10 ጊዜ። ከዚያ ፎጣውን አውጡና ያኛውን እግር አጥፋችሁ የሚያመውን ሳታጥፉ አንድ ስንዝር አንሱ፣ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ይህ ሲቀላችሁ ከፍ ካለ ወንበር ላይ እጃችሁን ሳትደገፉ መነሳትና በዝግታ መቀመጥ። በቀን ሁለቴ፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት። ሲሠሩ ትንሽ ቢያም አትደንግጡ፤ እስከ ነገ ጠዋት ካልበረደ ግን አብዝታችኋልና ቀንሱ። ፊዚዮቴራፒስት የማግኘት ዕድል ካላችሁ አትለፉት፤ የአንድ ኤምአርአይ ዋጋ ስንት ቀን ፊዚዮቴራፒ እንደሚያሠራችሁ አስሉት።

ክብደት ላይ ተቆጥቼ አላውቅም፣ አሁንም አልቆጣም። ቁጥሩን ብቻ ልንገራችሁ፦ የምትቀንሱት እያንዳንዱ 1 ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታችሁ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል።

ሌላው አዋዋላችን ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ፣ ስትወጡ ጤነኛውን እግር፣ ስትወርዱ የታመመውን አስቀድሙ። ልብስ ቁጢጥ ብሎ ማጠብን፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሰዓታት ቡና ማፍላትን ለጊዜው ወደ ከፍተኛ ወንበር አምጡት። በፆሙ ስግደት የሚበዛባችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ሶላት የምትሰግዱም ወንበር ላይ ሆናችሁ መስገድ ትችላላችሁ። ከዘራ ወይም መቋሚያ የምትይዙ ከሆነ ደግሞ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒ እጅ ያዙት። ብዙ ሰው በሚያመው በኩል ይይዘዋል፤ እንደዚያ ብዙም አይረዳም።

ምርመራና ኦፕሬሽን አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጉልበቱ ታጥፎ አልዘረጋም ያለ፣ ወድቆ መቆም ያቃተው፣ እየተራመደ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው በደንብ መታየት አለበት። አብጦና ግሎ ትኩሳት ካለው ያኑ ቀን ሆስፒታል፤ ነገን አትጠብቁ። ለሳምንታት እያበጠ የማታ ላብና የክብደት መቀነስ ካለ ቲቢ መሆኑ ይጣራ። ልጅ «ጉልበቴን» እያለ ካነከሰ ዳሌው ሳይታይ አትመለሱ። መገጣጠሚያው ጨርሶ ተበልቶ ሌሊት እንቅልፍ ለሚነሳቸው ደግሞ ቅየራው ሕይወት የሚመልስ ሕክምና ነው።

እኚያ እናት ጨጓራቸው ካገገመ በኋላ ፎጣውን ጠቅልለው ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት «ምንም ለውጥ የለም» እያሉ ሲያማርሩብኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ከልጃቸው ጋር ቀጠሮ ሲመጡ ፎቁን በደረጃ ነው የወጡት። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ መርፌው ግን ቀርቷል።

በውስጥ መስመር ፎቶ ለምትልኩልኝ፦ ከፎቶው በፊት ዕድሜያችሁን፣ የትኛው ጉልበት እንደሆነ፣ መቼና እንዴት እንደጀመረ፣ እስካሁን የወሰዳችሁትን መድኃኒት (መርፌውንም ጭምር!) እና በአንድ ጣት ስትጠቁሙ የቱ ጋ እንደሆነ ጻፉልኝ። በኮሜንት በሽታ አልመረምርም፤ የት መታየት እንዳለባችሁ ግን እነግራችኋለሁ።