የትምህርት ቤት ቦታ መረጣና የወል ግጦሽ

በአንድ የገጠር ቀበሌ አዲስ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሲታሰብ ከእንጨቱና ከቆርቆሮው አስቀድሞ የሚነሣው የቦታ ጥያቄ ነው። በስብሰባ ላይ ቶሎ የሚጠቀሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወል ግጦሹ ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ በመስኩ ላይ የይዞታ ደብተር አውጥቶ የሚከራከር፣ ካሣም የሚጠይቅ አባወራ የለም። ሆኖም ባለቤት የሌለው የሚመስለው መሬት ብዙ ባለቤት ያለው መሆኑን መሪዎች ሊዘነጉት አይገባም።

የመስኩ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ማሳው ሁሉ በሰብል በሚሸፈንበት ወራት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የእርሻ በሬ የሚውልበት ሌላ ስፍራ አይገኝም። ሰፊ ማሳ ያለው ገበሬ ገለባና ድርቆሽ ከምሮ ይጠብቃል። አንድ በሬ ይዞ በመቀናጆ የሚያርሰው፣ ወይም ጥቂት በጎች ብቻ ያሏት ባሏ የሞተባት እናት ግን ተስፋቸው ያው መስክ ነው። በስብሰባም ላይ እጃቸውን ዘግይተው የሚያነሡት እነዚሁ ናቸው፤ ብዙዎቹም ጭራሽ አያነሡም።

ሌላው የአፈሩ ጉዳይ ነው። ሳይታረስ መስክ ሆኖ የቆየ መሬት ብዙ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመውንም ግድግዳና ወለል አብሮ ይሰነጥቃል። በመሆኑም ቦታውን በጥር ደርቆ አይቶ መወሰን ስሕተት ነው። ኮሚቴው በነሐሴ ወርዶ ውሃው የት እንደሚቆም፣ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ሊመለከት ይገባዋል። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረምም ወንዞች ገና ሙሉ ስለሆኑ፣ ሕፃናት ያለ ድልድይ የሚሻገሩ ከሆነ ለሁሉም እኩል ቅርብ የሚመስለው ቦታ ለግማሹ መንደር ሩቅ ይሆናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31፣ ቢያንስ በ800 ሄክታር ላይ የሚቋቋመው የገበሬ ማኅበር መሬት እንዲያከፋፍል፣ ከመንግሥት ጋር በመተባበርም ትምህርት ቤትና ክሊኒክ እንዲያቋቁም ኃላፊነት ሰጥቶት ነበር። ዛሬ በብዙ አካባቢ ቀበሌው በዚያው ስም ቢጠራም፣ ሊቀመንበሩ በቃሉ ብቻ የገበሬን ማሳ ለትምህርት ቤት ሊያደርግ አይችልም። የግል ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቀው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ነው። ተነሺው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ሊማከር፣ ካሣውም ከመነሣቱ በፊት ሊከፈለው ይገባል። በላዩ ለነበረው ንብረት ከሚከፈለው ሌላ፣ ምትክ መሬት ካልተገኘ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ የከፍተኛው 15 እጥፍ ይታሰብለታል። ቅር ያለው ደግሞ ትእዛዙ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ይችላል። ይህን ለተነሺው አስቀድሞ መንገር የቀበሌው መሪ ድርሻ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ መንገር ካለመንገር አይለይም።

ምትክ መሬት አለ ሲባልም የት ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 የተተካው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይካሄድበት ደንግጎ ነበር። ጥቁር መሬቱን ለለቀቀ ገበሬ ገደል አፋፍ ቆርሶ መስጠት ምትክ ሊባል አይችልም።

ከግጦሹ መቁረስ የግድ ከሆነ ከመሐሉ ሳይሆን ከዳሩ ቢወሰድ ይሻላል። የከብት መሄጃውና የውሃ መውረጃው ቀድሞ ተለክቶ ይለይ፤ የተስማሙበት ስፋትም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ወሰኑ በድንጋይ ተተክሎ ትምህርት ቤቱ በራሱ ስም የይዞታ ማረጋገጫ ካላገኘ፣ አዋሳኙ ማሳ በየክረምቱ አንድ አንድ ትልም ወደ ግቢው መግባቱ አይቀርም።