ለካሳቫ ፋብሪካ አንድ የትርፍ ቁጥር አይበቃም

በወላይታ ካሳቫ በስፋት የተለመደው በተለይ ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ነው። በኦፋና በኪንዶ ኮይሻ ወረዳዎች ዝናብ ሲያጥር ገበሬው የሚተማመንበት ሰብል ሆኗል፤ ዱቄቱም ከጤፍና ከበቆሎ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራና ዳቦ ይጋገርበታል። ሥሩ ግን ከተነቀለ በሁለት ሦስት ቀን መበላሸት ይጀምራል፤ ሲያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገርም አለበት። እንዲህ ያለውን ምርት እዚያው አቅራቢያ ወደ ስታርች የሚለውጥ ፋብሪካ ይቋቋም ቢባል ሐሳቡን እደግፋለሁ። የማልደግፈው የአዋጭነት ጥናቱ በለመድነው መንገድ በአንድ መጠን፣ በአንድ ንድፍና በአንድ የትርፍ ቁጥር ተሠርቶ «አዋጭ ነው» ተብሎ መቅረቡን ነው።

የስታርች ፋብሪካ የሚመዘነው በትርፍ ብቻ አይደለምና። ፋብሪካው በተለቀ ቁጥር የአንድ ኪሎ ማምረቻ ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሥሩን ከሩቅ ቀበሌ መሰብሰብ ይኖርበታል፣ በክረምት መንገዱ ሲጨቀይ ጭነቱ መኪና ላይ እንዳለ ይበላሻል። የማጠቢያ ውኃን መልሶ መጠቀም ከወንዝ የሚቀዳውን ይቀንሳል፤ ሲደጋገም ግን ቆሻሻው እየተጠራቀመ የስታርቹን ጥራት ይነካል። ፍሳሹን በባዮጋዝ ማብላያ ማሳለፍ መነሻ ካፒታሉን ከፍ ያደርገዋል፤ ይሁንና በታይላንድ ብዙ የስታርች ፋብሪካዎች ከፍሳሻቸው ባገኙት ጋዝ ማድረቂያቸውን ያነድዳሉ። አንዱ ሲነካ ሌላው ይናጋል፤ ይህን ሁሉ በአንድ የኤክሴል ገጽ መጨበጥ ያስቸግራል።

ለዚህ የሚያግዘው የሂደት ሲሙሌሽን፣ ማለትም የፋብሪካውን አሠራር በኮምፒውተር ማስመሰል ነው፤ ከገባው ሥር ስንት ስታርችና ስንት ፍሳሽ እንደሚወጣ፣ ስንት ሙቀት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ያሰላል። ባለ ብዙ ዓላማ ኦፕቲማይዜሽን ሲታከልበት ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠሩ ንድፎችን ሞክሮ በሁሉም ረገድ የተበለጡትን ይጥላል። የሚተርፉት አንዱን ዓላማ ሳይጎዱ ሌላውን ማሻሻል የማይቻልባቸው ናቸው፤ በጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በቪልፍሬዶ ፓሬቶ ስም ይጠራሉ። ከእነዚህ የትኛው ይመረጥ የሚለውን ግን ማሽኑ አይመልስም። ወጪ ጨምሮ ወንዙን መታደግ ይበጃል ወይስ ርካሽ ስታርች? ይህን ከወንዙ ግርጌ ከብት የሚያጠጣው ገበሬም ሊጠየቅ ይገባዋል። የዘዴው ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ ግምት፣ በአንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ ተደብቆ የሚቀረውን ምርጫ አደባባይ ማውጣቱ ነው።

ቅንጦት ነው የሚሉ ይኖራሉ። ዲደብሊውሲምን የመሰሉ የሲሙሌሽን ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ የስሌቱም ዋጋ ከአንድ ማድረቂያ ማሽን ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከበድ ያለው ተቃውሞ የመረጃ ነው፦ የካሳቫው የስታርች መጠን እንደ ዝርያው፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ በተሳሳተ መረጃ የተሠራ ሲሙሌሽን ያማረ ስህተት ይሆናል። ልክ ነው። ሆኖም አንዱ የትርፍ ቁጥርም የሚቆመው በዚያው ደካማ መረጃ ላይ ነው፤ ልዩነቱ ድክመቱ አለመታየቱ ነው። ሲሙሌሽን ግን ግምቶቹን ከፍ ዝቅ እያደረገ ውጤቱን የሚያናጋው የትኛው እንደሆነ ይለያል። በእንሰትና በሥራ ሥር ሰብሎች ላይ የሚሠራው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። የትኛው እንደሚለካ ከታወቀ የሚለካ አይጠፋም።

የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካን አስታውሶ «እኛን የጎዳን ስሌት ሳይሆን አፈጻጸም ነው» የሚለኝም አይጠፋም። በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ወጥቶበት ሳይጠናቀቅ ቀርቷልና መከራከሪያው ክብደት አለው፤ የትኛውም ሲሙሌሽን የተጓተተ ግንባታ አያፋጥንም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ያለ ቦታው የተተከለ ወይም ያለ መጠኑ የተለቀ ፋብሪካ በጊዜው ቢያልቅም ሥር አጥቶ መቆሙ አይቀርም።

ምርጫውን አደባባይ ለማውጣት ሕጉም ያግዛል፦ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። ወላይታ ሶዶ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናትና ውሳኔው ሩቅ አይደለም። የክልሉ ገምጋሚዎች እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲቀርብላቸው የተመረጠውን ንድፍ ብቻ ሳይሆን የተተዉትንም፣ ከነወጪያቸውና ከነውኃ ፍጆታቸው፣ በአማርኛና በወላይትኛ ተጽፈው እንዲቀርቡላቸው ይጠይቁ።