ገመዱ ሲወጠር ቁሙ

ጉልበተኛ ቡችላ ገመድ ሲጎትት ብዙ ሰው «እልኸኛ ነው» ብሎ ይፈርድና እሱም መልሶ ይጎትታል። ጥፋቱ ግን የውሻው አይደለም። በጎተተ ቁጥር ጌታው የሚከተለው ከሆነ፣ ቡችላው መጎተት ወደፈለገበት እንደሚያደርስ ይማራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እንዳሳየው፣ ጥቅም ያስገኘ ድርጊት ይደጋገማል። ስለዚህ መፍትሔው ጥቅሙን መንፈግ ነው፤ ገመዱ ሲወጠር ቀጥ ብሎ መቆም፣ ቡችላው ዞር ብሎ ገመዱ ሲላላ ደግሞ ከጉልበት አጠገብ ቁራሽ ሥጋ አጉርሶ ጉዞውን መቀጠል። ልምምዱ ከግቢ ይጀምራል፤ ጭር ወዳለ መንገድ ይወጣል፤ ሰውና መኪና የሚበዛበት ጎዳና የመጨረሻው ፈተና ነው።

«ትልቅ ውሻ ያለ ዱላ አይገራም» የሚሉ አሉ። ወንድ የጀርመን ሼፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ በጉልበት ልግታው ማለት የማያዋጣውም ለዚሁ ነው። የሚያንቅ ሰንሰለት ጉሮሮን ይጎዳል፤ ይባስ ብሎ ቡችላው ሕመሙን በዚያች ቅጽበት ካየው ሕፃን ጋር ሊያያይዘውና ሊጠምደው ይችላል። ሌሎች ደግሞ «የግቢ ጠባቂ መንገድ ምን ያደርግለታል? ይለዝብብናል» ይላሉ። ጠባቂም ቢሆን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውጣቱ አይቀርም። ደግሞም ከቡችላነቱ ጀምሮ ታስሮ ያደገ ውሻ የሚያየው ሁሉ እንግዳ ስለሚሆንበት፣ ጎረቤትን ከሌባ መለየት ይቸግረዋል። ጊዜ የለኝም ለሚል፣ በቀን አሥር ደቂቃ ለመጀመሪያ ይበቃል። በ10 ኪሎው ሳይማር የቀረውን በ40 ኪሎው ማስተማር ግን ለጌታውም ለመንገደኛውም መከራ ነው።