ከወረኢሉ እስከ እንባ ጠባቂ፦ አቤቱታችን የት ይቆማል?

ወረኢሉ ላይ የመሬት ይዞታ ጉዳዩ የተጓተተበት ገበሬ መጀመሪያ የሚላከው ወረዳው ቅሬታ ሰሚ ጋ ነው። ችግሩ ምንድነው? ሰሚውም ቅሬታ የቀረበበትም ቢሮ ያው አንድ አስተዳደር ውስጥ ናቸው። ሻይ የሚጠጡት እንኳን አብረው ነው!

በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተጠሪነቱ ለፓርላማ የሆነው ለዚሁ ነው። አቤቱታ በነጻ ነው፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ያመለክታል፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ ብር ማውጣት የለበትም። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አያይም። መርምሮ የሚሰጠውም ፍርድ ሳይሆን የመፍትሔ ሐሳብ ነው፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው፣ እኛም አንፈርድበትም።

ለማንኛውም ወረዳው «አይሆንም» ሲላችሁ «በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ድረስ ባዶ እጅ አይኬድም።