ድመቷም አደራ ናት

ለዚህ ወር ያዘጋጀነው ሌላ ርዕስ ነበር። ይሁንና ባለፈው ነሐሴ ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ አንድ ተማሪያችንን ማዳበሪያ ተሸክሞ አገኘነው። በውስጡ ዓይናቸው ገና ያልተገለጠ አራት የድመት ልጆች ነበሩ። «ኡስታዝ፣ እማዬ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጥለሃቸው ና ብላኝ ነው» አለን።

እናቱ ጨካኝ ሴት አይደሉም። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናቸው፤ ጎረቤት «የድመት ፀጉር ፅንስ ያስወርዳል» ብሎ አስፈራርቷቸው ነው። ልጁን ይዘን ቤታቸው ሄድን። ፍርሃቱ ከንቱ ነው ብለን አልተከራከርናቸውም፤ ጥቂት እውነት አለበትና።

ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። የሚወጣው ግን ከድመት ፀጉር ሳይሆን ከዓይነ ምድሯ ነው። እሱም ቢሆን ድመቷ ብዙውን ጊዜ የምታወጣው መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ያህል ነው። የወጣውም ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ሌላ የቤተሰብ አባል ይጥረገው፤ ነፍሰ ጡሯም አፈር ከነካች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም ያንኑ ተሕዋስ ያመጣሉ። ድመቷን አስጥለው ለነፍሰ ጡር ጥሬ ክትፎ የሚያጎርሱ ጎረቤቶች አሉ!

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ልትጠጣ ለመጣች ድመት ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ተገርማ ስታያቸው፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚዘዋወሩት እንደሆነች የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውን ነገሯት። ሐዲሡን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

እናትየዋ ቀጥለው የጠየቁን «ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የምትፈላው?» ብለው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሴት ድመት ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜዋ ማርገዝ ልትጀምር ትችላለች፤ ገና ልጅ ስትመስል ማለት ነው። ቀዝቃዛ በሆኑት ሩቅ አገሮች በክረምቱ አጭር ቀን መራባቷን ታቆማለች። በእኛ አገር ቀንና ሌሊት እምብዛም ስለማይበላለጡ ዓመቱን ሙሉ ልትወልድ ትችላለች። ዕንቁላሏም እንደ ላም ጊዜውን ጠብቆ አይወጣም፤ ከአውራው ጋር ከተገናኘች በኋላ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ተገናኝታ ሳታረግዝ የምትቀረው አልፎ አልፎ ነው። ከሁለትና ከሦስት አውራ ድመቶች ጋር ከተገናኘችም በአንድ ምጥ የተወለዱት የተለያየ አባት ሊኖራቸው ይችላል። የአላህ ሥራ ይደንቃል።

እርግዝናዋ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን፣ ከ63 እስከ 65 ቀን ያህል ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጡቶቿ ቀላ ብለው ያብጣሉ፤ በአምስተኛው ሆዷ ይታወቃል። ልጆች ሆዷን እየጫኑ እንዳይቆጥሩ ይከልከሉ። እንጀራ ብቻ አይበቃትም፤ ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ከሥጋ ቤት የሚገኝ ሳንባ ወይም ቁርጥራጭ ቀቅሎ መስጠት ይቻላል፤ ንጹሕ ውሃም አይለያት። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። የአይጥ መርዝ በተነሰነሰበት ቤት የተመረዘውን አይጥ በልታ ራሷም ትሞታለች።

ልትወልድ ስትል ጨለማና ጭር ያለ ሥፍራ ትፈልጋለች። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አንጥፎ ከብርድ ጥግ ማስቀመጥ ይበቃል። እትብቱን ራሷ ትቆርጣለች፤ ልጆቿን ልሳ ታደርቃለች። ጠንክራ እያማጠች ከግማሽ ሰዓት በላይ አንድም ካልወጣ ግን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ልጆቿ ዓይናቸው የሚገለጠው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ሲወለዱ አይሰሙም፤ ሰውነታቸውንም ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም። በነሐሴ ዝናብ እንጦጦ ላይ ተጥለው አንዲት ሌሊት አያድሩም። አንዲት ሴት ድመት አስራ ሳታበላት፣ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት በመቅረቷ ስለ ደረሰባት ቅጣት የሚናገረው የቡኻሪና የሙስሊም ሐዲሥ ከብዙዎቻችሁ አይሰወርም። ይህንን ስንናገር ልጁ ማዳበሪያውን ከጀርባው ደበቀው።

ልጆቿን ከእናታቸው መለየት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከሞላቸው በኋላ ነው። እሷ ግን ገና እያጠባች ሳለች ዳግም ልታረግዝ ትችላለችና በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። በሐኪም ማምከንን በተመለከተ ዓሊሞች የተለያየ አቋም አላቸው፤ ጉዳት ከሌለውና ካስፈለገ የሚፈቅዱ አሉ። በአቅራቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ፤ እኛ ፈትዋ አንሰጥም።

አራቱ ግልገሎች ያኔውኑ ወደ ካርቶናቸው ተመለሱ። እናትየው መጀመሪያ አሸተተቻቸው፤ ከዚያም አንድ በአንድ ስባ አጠገቧ አስተኛቻቸው። አሁን አንደኛው ሾላ ገበያ አንድ እህል ነጋዴ ዘንድ ነው፤ ሁለቱን ጎረቤቶች ወስደዋል። ኅዳር ላይ ሴት ልጅ በሰላም የተገላገሉት እናትም አልሐምዱሊላህ ደኅና ናቸው። አራተኛዋን ተማሪያችን ለማንም አልሰጥም ብሏል።