አደራ ከጥያቄ ይቀድማል፦ የታቀደ ስጦታና የአቃቂ ቃሊቲው ዩኒቨርሲቲ

መግቢያ

«ኑዛዜ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ነገር ይሸከማል። ምእመን ለነፍስ አባቱ ኃጢአቱን የሚናገርበት ኑዛዜ አለ፤ ሰው ከሞቱ በኋላ ንብረቱ ለማን እንደሚተላለፍ የሚወስንበት ኑዛዜም አለ። ሁለቱም በተለምዶ የሚታሰቡት ሕመም ሲጸና ነው። በመሆኑም አንድ ዩኒቨርሲቲ ጤነኛ አዛውንትን «በኑዛዜዎ ያስቡን» ቢላቸው፣ ቀድሞ የሚሰማቸው የልግስና ጥሪ ሳይሆን መርዶ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ኮሌጆች «የታቀደ ስጦታ» የሚባለው አሠራር የቆመው ግን በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው። የታቀደ ስጦታ ሰጪው በሕይወት ሳለ አስቦና መክሮ የሚወስነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሞቱ በኋላ የሚፈጸም ስጦታ ነው። በኑዛዜ የሚተው ገንዘብ፣ ሰጪው እስከ ዕለተ ሞቱ የሚኖርበት ቤት፣ ወይም ለሰጪው የዕድሜ ልክ ገቢ ከከፈለ በኋላ ለተቋሙ የሚቀር ሀብት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1638 ጆን ሃርቫርድ የሀብቱን እኩሌታና 400 ያህል መጻሕፍቱን ለአንድ ጀማሪ ኮሌጅ ተናዞ ሞተ፤ ኮሌጁም በስሙ ተጠራ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ፖሞና ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለሰጪዎች የዕድሜ ልክ ገቢ በሚያስገኝ ዕቅዱ ይታወቃል።

ይህ አሠራር በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ሊተከል ይገባል። የመርሐ ግብሩ መሪ የመጀመሪያ ሥራ ግን መጠየቅ አይደለም፤ አደራ የሚጠበቅበትን ሥርዓት ማዘጋጀት ነው።

ለምን አቃቂ ቃሊቲ?

በ2003 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው። ምሩቃኑ ገና ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ቤት ለመሥራት እንጂ ቤት ለማውረስ የሚያስቡበት ዕድሜ ላይ አልደረሱም። ከዚህ ተነሥቶ «የታቀደ ስጦታ ለኛ ገና ነው፤ ሠላሳ ዓመት እንጠብቅ» የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል።

ክርክሩ ግን ሰጪው የግድ የተቋሙ ምሩቅ መሆን አለበት ከሚል ግምት የተነሣ ነው። ጆን ሃርቫርድ ስሙን በወረሰው ኮሌጅ አልተማረም፤ የተማረው በእንግሊዝ አገር፣ በካምብሪጅ ነበር። ለኮሌጁ የነበረው ዝምድና የጎረቤትነት ነበር። አቃቂም እንዲህ ያለ ጎረቤት አያጣም። በባቡር ሐዲዱ ዳር የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተተከሉበት፣ ሠራተኞች ተቀጥረው ጡረታ የወጡበት፣ ነጋዴዎች ቤት የሠሩበት ነባር የኢንዱስትሪ መንደር ነው። ልጆቹ ባሕር ማዶ የቀሩበት፣ ቤቱን ማን እንደሚረከበው የሚያስብ ባለ ይዞታ በእንዲህ ያለ መንደር ውስጥ እንግዳ አይደለም።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ሥራ በቂ መሣሪያ አለው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በእጁ የጻፈው ኑዛዜም ይጸናል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። በሣጥን ውስጥ የተረሳ ወረቀት የሰጪውን ቅን ሐሳብ ይዞ ሊሞት ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ለአቃቂ የሚስማማው የአላባ መብት ነው። ባለቤቱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲው በስጦታ አስተላልፎ፣ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ የመኖርና ኪራይ የመሰብሰብ መብቱን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ፎርም ካልተከተለ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ጉዳዩ በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» በሚባለው መሥሪያ ቤት ቢያልፍ ይመረጣል።

ወሰኖቹንም መደበቅ አይገባም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ የሚተላለፈው በላዩ የተሠራው ቤትና ቀሪው የይዞታ መብት ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ስለሆነ አንዱ ተጋቢ መናዘዝ የሚችለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። ልጅን ከውርስ መንቀልም የሚጸናው ተናዛዡ ምክንያቱን በኑዛዜው በግልጽ ሲያሰፍር ነው። ስጦታውን ከልጆች ሸሽጎ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ሀብት ሳይሆን የፍርድ ቤት ክርክር ይወርሳል።

የ1967 ትምህርት

ለዘለዓለም ተብሎ የተሰጠ ሀብት በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራትና ለገዳማት ጉልት ሲሰጡ፣ ስጦታው በመዝገብ ይሰፍር፣ የሚሽረውም ይወገዝ ነበር። የአብነት ትምህርት ለዘመናት ከዚህ ሀብት ተጠቅሟል። በ1967 ዓ.ም. ግን የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቀጥሎም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጡ። ውግዘቱ ከጉልቱ መሬት መወረስ አላዳነም፤ የግለሰቦች ኪራይ ቤትም በዚያው ዓመት ተወረሰ።

ይህን ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። የስጦታ መርሐ ግብር መሪ በራቸውን ሲያንኳኳ የሚጠብቀው ጥያቄ «ምን ያህል ልስጥ?» ሳይሆን «ነገ ማን ይጠብቀዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው በፈገግታና በብሮሹር አይመለስም።

በአንጻሩ ከለውጡ የተረፈ ስጦታም አለ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የስድስት ኪሎው ግቢ ሰጪው ከዙፋን ከወረዱ፣ ዩኒቨርሲቲውም ስሙን ከለወጠ በኋላ ዛሬም ያስተምራል። ከሁለቱ ታሪኮች አንድ ነገር መገንዘብ ይቻላል፤ በየዕለቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲውል የሚታይ ስጦታ ከሩቅ ግብር ከሚሰበሰብበት ስጦታ ይልቅ ጠባቂ ያገኛል።

ገንዘቡ እንዳይሟሟ

ሁለተኛው የአደራ ፈተና የዋጋ ንረት ነው። ዝቅተኛው የባንክ ቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከዶላር አንጻር ከግማሽ ያላነሰ ዋጋውን አጣ። ለነፃ ትምህርት ዕድል የተናዘዘ ገንዘብ በቁጠባ ደብተር ብቻ ቢቀመጥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለአንድ ተማሪ ደብተርና እስክርቢቶ የማይበቃ ሊሆን ይችላል። በሕግ ያልተነካ፣ በተግባር ግን የጠፋ አደራ ይሆናል።

ስለዚህ የሚከራይ ቤት እንደ ቤት መያዙ፣ ጥሬ ገንዘቡም በግምጃ ቤት ሰነድና በጥር 2017 ዓ.ም. በተከፈተው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥንቃቄ መከፋፈሉ የመርሐ ግብሩ መሪ ሊያውቀው የሚገባ ሙያ ነው። ሀብቱ ከዓመታዊው የመንግሥት በጀት በተለየ ሒሳብ መያዝ አለበት። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ለዚህ አቅጣጫ በር ከፍቷል።

ከዕድር የሚወሰድ

የመርሐ ግብሩን አመራር ለመማር ግን ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አቃቂ ውስጥ በየመንደሩ ዕድር አለ። ዕድር ስለ ሞት ያለ ሐፍረት ይነጋገራል፤ በየወሩ ይሰበስባል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ሒሳቡን በአባላት ፊት ያነባል። ሰው ለዕድር የሚከፍለው ሞትን ስለናፈቀ አይደለም፤ ቃሉ እንደሚፈጸም በጎረቤቱ ቀብር ላይ በዓይኑ ስላየ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ከዚህ የሚወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ስጦታ ከነዓላማው በመዝገብ ይስፈር፤ መዝገቡም በዓመት አንድ ቀን በሰጪዎችና በቤተሰቦቻቸው ፊት ይነበብ። ሁለተኛ፣ ኑዛዜውን የሚያዘጋጀው ሰጪው ራሱ የመረጠው ጠበቃ እንጂ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ አይሁን። ሦስተኛ፣ በሟች ስም የሚሰጠው የትምህርት ዕድል በየዓመቱ ስማቸው የሚነሣበት መታሰቢያ ይሁን። ለአርባና ለሙት ዓመት ተዝካር የሚያወጣ ኅብረተሰብ የመታሰቢያን ዋጋ የሚነግረው አያስፈልገውም፤ የዩኒቨርሲቲው ስጦታም ተዝካሩን አይተካም፣ ከጎኑ ይቆማል እንጂ።

ማጠቃለያ

የታቀደ ስጦታ መንግሥትን ከበጀት ግዴታው ነፃ ያወጣል የሚል ሥጋት ተገቢ ነው። መልሱ ስጦታው ለደመወዝና ለመብራት ሳይሆን በጀት ለማይደርስባቸው ተማሪዎችና ምርምሮች ብቻ እንዲውል በሰነዱ መወሰን ነው። «ድኻ አገር ነን» የሚለው ክርክር ግን አያስኬድም፤ ከጎዶሎ ኑሮው ላይ ለዕድር የሚያዋጣ ሰው መስጠትን ያውቃል።

የመርሐ ግብሩ መሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሰበሰበው ብር ባይመዘን ይሻላል። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ መዝገቡ ተከፍቷል? ሒሳቡ ተለይቷል? የመጀመሪያው ሰጪ ቃል ሳይሸራረፍ ተፈጽሟል? ከቂሊንጦ ግቢ አጥር ውጭ የሚኖሩ አንዲት እናት የጎረቤታቸው ስም በተማሪ አንደበት ሲጠራ በሰሙ ቀን፣ ዩኒቨርሲቲው መጠየቅ ይችላል። ምናልባትም መጠየቅ አያስፈልገውም።