ሩጫ በጅዳ ኮርኒሽ

ጅዳ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ በቀይ ባሕር ዳር ለመሮጥ ካሰባችሁ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው፣ «ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስሮጥ የኖርሁ፣ ባሕር ዳርማ ምን ያቅተኛል?» ይላል። እውነት አለው፤ ዝቅተኛ ቦታ ለትንፋሽ ይቀላል። ነገር ግን አገራችን ክረምት በሚሆንበት ወራት የጅዳ አየር የሚፈትነው ሳንባን ሳይሆን ላብን ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት አየሩን ሲሞላው ግን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፣ ሙቀቱም እዚያው ይቀራል። ፀሐይ አልወጣችም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ እርጥበቱ ሌሊትም አይለቅም።

አዲስ የሄደ ሰው ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል። እስከዚያ በእግር መሄድና ጥቂት ሶምሶማ ይበቃል እንላለን። ልጆችን ማሽቀዳደምም ይቆይ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ሩጫው እዚያው ላይ ያበቃል፤ ጥላ ፈልጎ ማረፍና ውሃ መጠጣት ነው። ንግግሩ የተምታታበትን ሰው ግን «ይተኛ፣ ይሻለዋል» ማለት አደጋ ነው፤ ሰውነቱን በውሃ እያቀዘቀዙ አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ሌላ ነው። ያኔ ከዐስር ሶላት በኋላ ከነቤተሰብ ቢወጡ ልጆቹም እንደልባቸው ይሮጣሉ።